ስለ ሳንባ ነቀርሳ አዲስ መመርመሪያና ስለ ምስክርነቱ

ሐኪም አንድን በሽታ ከማከሙ አስቀድሞ በሽታው ምን እንደ ሆነ ለይቶ ማወቅ የሚገባው መሆኑ ለማንም የታወቀ ነገር ነው። የሳንባ ነቀርሳ ማለት ዛሬ በተለምዶ ቲቢ የሚባለው በሽታ ግን ለመለየት እጅግ አስቸጋሪ ሆኖ ኖሯል። ሳል የብዙ በሽታ ምልክት ነው፤ ትኩሳትም፣ የሌሊት ላብም፣ ክሳትም እንዲሁ። የጀርመኑ ሐኪም ሮበርት ኮኽ የዚህን በሽታ ተሐዋሲ ማግኘቱን በማርች 24 ቀን 1882 በበርሊን ከተማ ከገለጸ ወዲህ (በዚህ ጽሑፍ የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከመቶ ዓመት በላይ ለሚሆን ዘመን በአብዛኛው ዓለም ሲሠራበት የኖረው ምርመራ አንድ ዓይነት ነበረ፤ ይኸውም የሕመምተኛውን አክታ በመስተዋት ላይ ቀብቶ፣ ቀለም አስነክሮ፣ በማይክሮስኮፕ መመልከት ነው።

ይህ አሮጌ ምርመራ የሚናቅ አይደለም። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ብዙ ዕቃም አይጠይቅም፤ የብዙ ሺህ ሰዎችንም ሕይወት አድኗል። ጉድለቱ ግን በአንድ ሚሊ ሊትር አክታ ውስጥ ከ5 ሺህ እስከ 10 ሺህ የሚደርሱ ተሐዋስያን ካልተገኙ በቀር የባለሙያው ዐይን ምንም ነገር ላያይ የሚችል መሆኑ ነው። በዚህ ምክንያት በብዙ ስፍራ ከሕመምተኞቹ እስከ እኩሌታ የሚደርሱት በሽታው ሳይታይባቸው ይመለሱ ነበር። ተሐዋሲውን በላቦራቶሪ አብቅሎ የሚያሳየው ካልቸር የተባለው ምርመራ ከዚህ እጅግ የተሻለ ነው፤ ዳሩ ግን ከ2 እስከ 8 ሳምንት ይፈጃል። ሁለት ወር ሙሉ መልስ የሚጠብቅ ሕመምተኛ በዚያ ጊዜ ውስጥ ቤተ ሰቡን ያስይዛል፤ አለዚያም መልሱ ሳይደርስ ይሞታል።

የዓለም ጤና ድርጅት በዲሴምበር 2010 ጂን ኤክስፐርት የተባለው መሣሪያ በሥራ ላይ እንዲውል በፈቀደ ጊዜ ደስታው ታላቅ የሆነው ስለዚህ ነው። መሣሪያው በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ግዛት በሚገኘው ሴፊድ በተባለ ኩባንያ የተሠራ ነው። አክታው ከሚያሟሟው ፈሳሽ ጋራ ተቀላቅሎ ካርትሪጅ በተባለ በእጅ በሚያዝ ትንሽ ዕቃ ውስጥ ይጨመራል፤ መሣሪያውም ተሐዋሲውን ሰብሮ በውስጡ ያለውን ዲ ኤን ኤ፣ ማለት የዘሩን ጽሕፈት፣ አውጥቶ ደጋግሞ ያበዛዋል። አሮጌው ምርመራ ተሐዋሲውን በመልኩ ይፈልገው ነበር፤ አዲሱ በዘሩ ጽሕፈት ይፈልገዋል። ከ2 ሰዓት ባነሰ ጊዜም ሁለት ነገር ይናገራል፤ አንደኛው የቲቢ ተሐዋሲ መኖር አለመኖሩን፣ ሁለተኛው ተሐዋሲው ሪፋምፒሲን የተባለውን ዋና መድኃኒት የተላመደ መሆን አለመሆኑን ነው።

ከዚያ ወዲህ በጽሕፈት ቤትም በስብሰባም ይህ መሣሪያ በተነሣ ቍጥር ብዙ ጊዜ የሚሰማው ቃል «ከመቶ 99 ትክክል ነው» የሚል ሆነ። ቃሉ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን እኩሌታው ብቻ ነው። እኩሌታ እውነት ደግሞ በሕክምና ነገር ሰው ይገድላል።

ነገሩ ከምንጩ ሲታይ እንደሚከተለው ነው። በ2010 ታትሞ የወጣው ዋናው ጥናት በፔሩ፣ በአዘርባይጃን፣ በደቡብ አፍሪካና በሕንድ በሚገኙ ከተሞች 1,730 ሰዎችን መርምሯል። በካልቸር ቲቢ ከሌለባቸው 609 ሰዎች መሣሪያው በአንድ ምርመራ 604ቱን «የለባቸውም» አለ፤ ከመቶ 99 የሚባለው ይህ ነው። በማይክሮስኮፕም ከታየባቸው 561 ሕመምተኞች 551ዱን አገኘ፤ ይህም ከመቶ 98 ያህል ነው። ተሐዋሲው በማይክሮስኮፕ ካልታየባቸው 171 ሕመምተኞች ግን በአንድ ጊዜ ምርመራ ያገኘው 124ቱን ነው። የቀሩት 47 ሰዎች ታመው ሳሉ መሣሪያው አላያቸውም። በሦስት ናሙና ሦስት ጊዜ በተመረመሩ ጊዜ ከመቶ 90 የሚያህሉት ተገኙ።

በፍርድ አደባባይ ለቆመ ምስክር ሁለት ጥያቄ ይቀርብለታል። አንደኛው «ያልሆነውን ጨምረሃልን?» የሚል ሲሆን ሁለተኛው «የሆነውን ሁሉ አይተሃልን?» የሚል ነው። መሣሪያው በመጀመሪያው ጥያቄ የታመነ ነው፤ በሁለተኛው ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ ያያል፣ አንዳንድ ጊዜም አያይም። አስተዋይ ዳኛ «አላየሁም» ያለውን ምስክር «ነገሩ አልተደረገም» እንዳለ አድርጎ አይቀበለውም። በጤና ጣቢያ ግን «አልተገኘም» የሚል ወረቀት ይዞ የወጣ ሕመምተኛ «የለብህም ተባልሁ» ብሎ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ያከመውም ሰው አንዳንድ ጊዜ ከዚህ የተለየ አያስብም።

ከሁሉ የሚያሳዝነው መሣሪያው የማያያቸው ሕመምተኞች ይልቁንም ፈጥነው የሚሞቱት መሆናቸው ነው። ኤች አይ ቪ በደሙ ያለበት ሰው በአክታው ውስጥ የሚገኙት ተሐዋስያን ጥቂት ናቸው፤ በሽታው ግን ቶሎ ይጥለዋል። ሕፃን ልጅ አክታውን ይውጣል እንጂ መትፋት አያውቅም። በሳንባ ዙሪያ ውኃ የቋጠረበት ሰው ደግሞ የዚያ ውኃ ናሙና ቢመረመር የመጀመሪያው ካርትሪጅ ከሕመምተኞቹ እኩሌታ የሚያህሉትን ብቻ ያገኛል። በኢትዮጵያ ይህ ነገር በተለይ ሊታሰብበት ይገባል፤ ከቲቢ ሕመምተኞች ሲሶ የሚያህሉት በሽታቸው ከሳንባ ውጭ በንፍፊት፣ በአጥንት ወይም በሌላ አካል ላይ ነውና። ከንፍፊት በመርፌ የተቀዳ ናሙና ሲመረመር መሣሪያው መልካም ውጤት ይሰጣል። እንግዲህ አንዱ መሣሪያ እንደ ናሙናው ዓይነት ይለያያል እንጂ ለሁሉ የሚሆን አንድ ቍጥር የለውም። የልጆቹን ጭንቅ ለማቃለል ከዐይነ ምድራቸው ናሙና ወስዶ በዚሁ መሣሪያ የመመርመር ዘዴ ተገኝቷል፤ ቀላሉ አሠራር በኢትዮጵያ ላቦራቶሪዎችም ተፈትኗል። ሆኖም እዚህም ላይ «አልተገኘም» የሚለው መልስ ልጁን ከጥርጣሬ ነጻ አያወጣውም።

ኦሪት ዘሌዋውያንን የተማረ ሰው ይህን አሳብ አዲስ አድርጎ አያየውም። ካህኑ ለምጽ የተጠረጠረበትን ሰው አንድ ጊዜ አይቶ ነገሩ ካልለየለት ሰባት ቀን ለይቶ ያቆየውና ዳግመኛ ያየዋል፤ ደግሞም ሰባት ቀን ይጨምርበታል እንጂ በመጀመሪያው ቀን «ንጹሕ ነህ» ብሎ አያሰናብተውም።

የመሣሪያው ሠሪዎች ይህን ጉድለት አውቀው አልትራ የተባለውን ሁለተኛ ካርትሪጅ አወጡ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2017 ፈቀደው። የመጀመሪያው በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ ከ100 በላይ ተሐዋስያን ይፈልግ የነበረ ሲሆን አልትራ ወደ 16 በሚሆኑት ይበቃዋል። በ2018 በወጣው የብዙ አገሮች ጥናት የቀድሞው ከመቶ ሕመምተኞች 83ቱን ሲያገኝ አልትራ 88ቱን አገኘ፤ ኤች አይ ቪ ካለባቸው ሰዎች ደግሞ የቀድሞው ከመቶ 77ቱን ሲያገኝ አልትራ 90ውን አገኘ። ይህ ታላቅ ትርፍ ነው። ነገር ግን ትርፉ ያለ ዕዳ አልተገኘም። የቀድሞው ከመቶ ጤነኞች 98ቱን ነጻ ሲያወጣ አልትራ ነጻ ያወጣው 96ቱን ነው፤ ከዚህ በፊት ቲቢ ታመው ከዳኑት መካከልም ከመቶ 93ቱን ብቻ። ምክንያቱ ለማስተዋል አያስቸግርም። መሣሪያው የሚፈልገው የዘሩን ጽሕፈት ነው፤ የሞተ ተሐዋሲም ጽሕፈቱን ትቶ ያልፋል። ታክሞ የዳነ ሰው በሳንባው ውስጥ የቀረው የድሮው ጠላት ሬሳ እንደ ሕያው ጠላት ሊቈጠርበት ይችላል። አልትራ «ፍንጭ» የሚለው እጅግ ጥቂት የሆነ መልስ በተለይ እንዲህ ያለውን ጥርጥር ያመጣል። ይህ መልስ ኤች አይ ቪ ላለበት ሰው፣ ለሕፃን ልጅ፣ ወይም ከሳንባ ውጭ ለተወሰደ ናሙና መድኃኒት ለመጀመር የሚያበቃ ምስክር ሲሆን፣ በቅርብ ጊዜ መድኃኒቱን ለጨረሰ ጐልማሳ ግን ሌላ ምርመራ የሚጠይቅ ነው።

ሹማምንት በተለይ ሊያስቡት የሚገባ አንድ ሒሳብ አለ፤ ብዕርና ወረቀት የያዘ ሁሉ ሊሠራው ይችላል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ያሳላቸው፣ የከሱና ሌሊት የሚያልባቸው 1,000 ሰዎች ወደ ሆስፒታል መጡ እንበል፤ ከእነርሱም 200ው በእውነት ቲቢ አለባቸው። አልትራ 176ቱን ያገኛል፤ 24ቱ ያመልጡታል። ከ800ዎቹ ቲቢ የሌለባቸው ሰዎች ደግሞ 32ቱን በስሕተት «አለባቸው» ይላል። እንግዲህ «አለባቸው» ከተባሉት 208 ሰዎች በእውነት የታመሙት 176 ናቸው፤ ምስክሩ በብዙ ይታመናል። አሁን ደግሞ ያው መሣሪያ በያው ባለሙያ እጅ ሆኖ ሳል እንኳ የሌላቸው 1,000 ሰዎች በዘመቻ ተሰልፈው ይመርመሩ፤ ከእነርሱ የታመሙት 10 ብቻ ይሁኑ። መሣሪያው 9ኙን ያገኛል። ከ990ዎቹ ጤነኞች ግን 40 የሚያህሉትን «አለባቸው» ይላል። «አለባቸው» ከተባሉት 49 ሰዎች በእውነት የታመሙት 9 ብቻ ሆኑ ማለት ነው። ከመሣሪያው አንዲት ብሎን አልተለወጠችም፤ የተለወጡት ወደ መሣሪያው የተላኩት ሰዎች ናቸው። (እርግጥ ማመዛዘኛ የሆነው ካልቸርም አንዳንድ ጊዜ የሚያመልጠው ስላለ ከ40ዎቹ ጥቂቱ በእውነት የታመመ ሊሆን ይችላል፤ የሒሳቡን ፍሬ ግን ይህ አይለውጠውም።)

ስለዚህ አንድ ሹም በዓመቱ መጨረሻ «ይህን ያህል ሺህ ሰው አስመረመርሁ» ብሎ የሚያቀርበው ቍጥር ብቻውን ምስጋና የሚያሰጥ አይደለም። ማንን አስመረመረ? አስቀድሞስ በጥያቄ ወይም በራጅ ተለይተዋልን? ይህ ካልተጠየቀ የዘመቻው ትርፍ ጤነኛ ሰው ስድስት ወር መድኃኒት እንዲውጥ፣ ጎረቤቱም ዕቃ እንዲለይበት ማድረግ ይሆናል።

መድኃኒት ስለ ተላመደ ቲቢ የሚሰጠው መልስም በዚሁ ሒሳብ ይመዘናል። በ2010ሩ ጥናት መሣሪያው ሪፋምፒሲንን የተላመዱትን ከመቶ 98 ገደማ ለይቷል፤ ያልተላመዱትንም እንዲሁ ከመቶ 98 ገደማ ነጻ አውጥቷል። ነገር ግን የተላመደ ቲቢ ከመቶ ሕመምተኛ በአንዱ ብቻ በሚገኝበት ስፍራ ያ የቀረው ከመቶ 2 ስሕተት ከእውነተኛው አንድ ይበልጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለተላመደ ቲቢ ብዙም የማይጠረጠር ሰው እንዲህ ያለ መልስ ሲመጣበት በሌላ ናሙና እንደ ገና እንዲመረመር ያዘዘው በዚህ ምክንያት ነው። የቀድሞው ሕክምና 20 ወርና ከዚያ በላይ የሚፈጅ፣ ጆሮ የሚያደነቍር መርፌም ያለበት ነበረ፤ ከ2022 ወዲህ በ6 ወር የሚያልቅ የሚዋጥ ሕክምና ተፈቅዷል። ሸክሙ ቢቀልም ባልሆነ ሰው ላይ የሚጫን አይደለም።

በተቃራኒውም መሣሪያው ፈጽሞ የማያየው ስፍራ እንዳለ በ2018 ስሟን ከስዋዚላንድ ወደ ኤስዋቲኒ የለወጠችው ትንሽ አገር አስተምራለች። መሣሪያው ሪፋምፒሲንን የመላመድ ምልክት የሚፈልገው ከተሐዋሲው ጂን በአንድ አጭር ክፍል ውስጥ ነው። በዚያች አገር በ2009 እና በ2010 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከተሰበሰቡት መድኃኒት የተላመዱ ዝርያዎች ከመቶ 30 የሚያህሉት ለውጣቸው ከዚያ ክፍል ውጭ ሆኖ ተገኘ፤ ይህም በ2015 ታትሞ ወጣ። መሣሪያው እንደ ታዘዘ አነበበ፤ ወንጀለኛው ግን ባልተነበበው ገጽ ላይ ተጽፎ ነበር። ለእነዚያ ሕመምተኞች «መድኃኒቱ ይሠራልሃል» ተብሎ የማይሠራ መድኃኒት ይሰጣቸው ነበር። አንድ አገር መሣሪያውን ገዝታ የካልቸር ላቦራቶሪዋን የዘጋች እንደ ሆነ ይህን የመሰለ ነገር በአገሯ መኖሩን የምታውቅበት መንገድ አይኖራትም። ካልቸር በጀት ይበላል፣ ጊዜም ይፈጃል እየተባለ የሚሰማው ክርክር ስለዚህ ተቀባይነት ሊያገኝ አይገባም።

ይህን ሁሉ የሰማ ሰው «እንግዲያው መሣሪያው ምን ይጠቅማል?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ለዚህም በ2014 የወጣ አንድ ጥናት ይጠቀሳል። በደቡብ አፍሪካ፣ በዚምባብዌ፣ በዛምቢያና በታንዛንያ ነርሶች ራሳቸው በክሊኒካቸው መሣሪያውን እንዲሠሩበት ተደርጎ ነበር። በምርመራው ቀን መድኃኒት የጀመሩት ሰዎች በዙ፤ ነገር ግን ከወራት በኋላ የሕመምተኞቹ ሁኔታ በማይክሮስኮፕ ከተመረመሩት የተሻለ ሆኖ አልተገኘም። ምክንያቱ መሣሪያው ከንቱ ስለ ሆነ አይደለም። በማይክሮስኮፕ የተመረመሩትን ሐኪሞቻቸው በምልክትና በራጅ አይተው፣ «አልተገኘም» የሚለውን ወረቀት አልፈው፣ ብዙዎቹን ማከም ጀምረው ነበረና ነው። ከዚህ የሚወጣው ትምህርት መሣሪያው ሲገባ የሐኪሙ ማስተዋል እንዳይወጣ መጠንቀቅ ነው። አንዳንድ አለቃ «መሣሪያው ያልመሰከረበትን አታክሙ» ብሎ የሚያዝዘው ትእዛዝ ቈጣቢ ይመስላል፤ ነገር ግን መሣሪያው ያላያቸውን ሰዎች ከሐኪም ዐይንም መሰወር ነው።

የመሣሪያው ጥቅም ባልደረሰበት ስፍራ ይበልጥ ይታያል። በ2024 በዓለም ላይ 10.7 ሚሊዮን የሚያህሉ ሰዎች በቲቢ ታመዋል፤ 1.23 ሚሊዮን የሚያህሉትም ሞተዋል። በዚያው ዓመት በሽታው ከተገኘባቸው ሰዎች በመጀመሪያ በእንዲህ ያለ ፈጣን ምርመራ የታዩት ከመቶ 54 ብቻ ናቸው። የቀሩት አሁንም በማይክሮስኮፕ ወይም በግምት የሚታወቁ ናቸው። ከመቶ 88 የሚያገኝ መሣሪያ ከእኩሌታው ብዙም የማያልፈውን ቢተካ ትርፉን ለማየት ሊቅ መሆን አያሻም። መሣሪያውን የሚጠራጠር ሹምና በመሣሪያው የሚመካ ሹም ሁለቱም ሕመምተኛውን ይጐዱታል፤ የመጀመሪያው ሳያስመረምረው፣ ሁለተኛው አስመርምሮ ሳያየው።

ትክክለኛነት የሚባለው ነገር ከላቦራቶሪው በር ውጭም ይጠፋል። ምራቅ ተፍቶ «አክታ ነው» ብሎ የሰጠ ሰው በሳንባው ያለው ተሐዋሲ በምራቁ አይገኝም፤ ጠዋት ከጥልቅ ሳል በኋላ እንዲሰጥ የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል። መሣሪያው ከ30 ዲግሪ በላይ በሆነ ክፍል ውስጥ በደኅና አይሠራም፤ አቧራ ይጐዳዋል፤ መብራት በመካከል ቢጠፋ የተጀመረው ምርመራ ይበላሻል፣ ካርትሪጁም ይባክናል። የአንዱ ካርትሪጅ ዋጋ በ2012 ወደ 9.98 ዶላር፣ በ2023 ደግሞ ወደ 7.97 ዶላር ዝቅ ቢልም ለድኻ አገር ቀላል አይደለም። በብዙ ስፍራ አዲስ መሣሪያ መቀበል በዓልና ፎቶግራፍ አለው፤ የቆመውን ማስጠገን ግን ምንም በዓል የለውም። ሆኖም ከአራቱ ክፍሎቹ ሁለቱ የሞቱበትን መሣሪያ ማስጠገን አዲስ ከመለመን ይቀድማል። ደግሞም መሣሪያው «ስሕተት» ወይም «መልስ የለም» ያለውን ምርመራ «አልተገኘም» ከሚለው ጋራ ደምሮ መዝገብ ላይ ማስፈር የሐሰት ምስክር ማቆም ነው፤ እንዲህ ያለው ናሙና እንደ ገና ይመረመራል እንጂ አይቈጠርም።

በኢትዮጵያ ናሙና በፖስታ አገልግሎት በኩል ወደ ላቦራቶሪ የሚላክበት ሥርዓት መዘርጋቱ ለሩቅ ወረዳዎች ታላቅ ነገር ነው። ቢሆንም ናሙናው ሄዶ መልሱ ካልተመለሰ፣ ወይም ሕመምተኛው ከመንደሩ ወጥቶ ወደ ጠበል ከሄደ በኋላ ከተመለሰ፣ የ2 ሰዓቱ መሣሪያ ከ2 ወሩ ካልቸር አልተሻለም። በጠበል ስፍራ ብዙ ሕመምተኛ በአንድ መጠለያ ውስጥ ተጠግቶ ያድራል። የቤተ ክርስቲያን አባቶች ጠበልና መድኃኒት እንደማይቃወሙ ያስተማሩ በመሆናቸው የጠበሉ አስተዳዳሪ የሚያስለውን ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ለመላክ የሚከለክለው ነገር የለም። አስቸጋሪው ግን ይህ ሰው «አልተገኘም» የሚል ወረቀት ይዞ ሲመለስና ከወር በኋላም ሲያስል ነው። ያን ጊዜ አስተዳዳሪው ወረቀቱን አይቶ ዝም ማለት የለበትም፤ ሳሉ ወረቀቱን የሚያፈርስ ሁለተኛ ምስክር ነውና በአዲስ ናሙና እንዲመረመር መልሶ ይላከው። ጤና ጣቢያውም «አንድ ጊዜ ተመርምረሃል» ብሎ ሊመልሰው አይገባም።

ለዚህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ አንድ መጀመሪያ አለ። ናሙናው በሚላክበት ወረቀት ላይ ሕመምተኛው ስንት ሳምንት እንዳሳለው፣ ከዚህ በፊት የቲቢ መድኃኒት ወስዶ እንደ ሆነና መቼ እንደ ጨረሰ፣ ናሙናውም ከየትኛው አካል እንደ ተወሰደ ይጻፍ። ላቦራቶሪውም መልሱን ሲልክ እነዚህን ከውጤቱ ጋራ አንድ ላይ ይላክ፤ የሚያክመው ሰው ውጤቱን ብቻውን አያንብበው። ወረቀቱ ሳይሞላ የደረሰ እንደ ሆነ ናሙናውን መጣል አያሻም፤ ላኪውን ጤና ጣቢያ በስልክ ጠይቆ መሙላት ከአንድ ሰዓት ያነሰ ሥራ ነው።